ገጣባ

የመንግሥት ሞተር ናት፤ ቀለሟ የጠፋባት፣
ከእኔ በፊት አራት ሐኪም የጋለባት።
ሲመቷት ትነሳለች፣ ፍሬኗም ይይዛል፤
መቀመጫዋ ግን አጥንት ይመዝዛል።

ማለዳ ከሐዋሳ በቱላ ወጥቼ፣
ሞሮቾ ስደርስ ከወገቤ ሞቼ፣
የክትባት ሳጥኔን በትከሻ አንግቼ፣
ስወርድ ባለ ላሙ እያየኝ ተገርሞ፣
«ዶክተር፣ ከሁለታችሁ ማን ነው ያደረው ታሞ?»

ያላደረግሁት የለም።
ጋቢ አጥፌ ጣልኩባት፤ ቱላ ሳልደርስ ሸሸ።
የልጄን ፍራሽ ጫፍ በምላጭ ቆረጥኩ
(ሚስቴ እስካሁን አላወቀችም፣ አንሶላው ይሸፍናል)፣
በላስቲክ ጠቅልዬ አሰርኩት፤
ለግማሽ ሰዓት ንጉሥ ነበርኩ፤
ከዚያ ስፖንጁ ሞተ፣ ብረቱ ተነሣ።
የበግ አጎዛ አለበስኳት፤ ሐምሌ ዘነበበት፣
ከእኔ ቀድሞ ሽታዬ ስብሰባ ገባ።
ካላማዳሪ በግማሽ ነፍቼ ሞከርኩ፤
ሪፈራል ፊት ለፊት ያለው ጉብታ
እንደ ግልገል አነሳኝ፤
ተራ የያዙ ባለባጃጆች አጨበጨቡልኝ።

ዱካሞን ያሳየኝ ከእነሱ አንዱ ነው።
ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ፣
የሶፋ አንጀት ከቦት፣ ወስፌ በጥርሱ ነክሶ።
ዋጋ አልነገረኝም። ጠመኔ ፈጭቶ፣
የሐይቁ ንፋስ እንዳይወስደው በመዳፉ ጋርዶ፣
ወንበሯ ላይ ነሰነሰ።
«እስከ አደባባዩ ዙርና ና» አለ።
ስመለስ ሱሪዬን ከኋላ እንደ ደብተር አነበበ፦
«እዚህ ጋ ትሸሻለህ፤ እዚህ ጋ ትንጠለጠላለህ፤
ደግሞ ወደ ግራ ታደላለህ፤ ለምን?»
ሳጥኑ ነው፣ አልኩ፤ በቀኝ የማነግተው።

ሆዷን በቢላ ቀደደው።
ከሽፋኗ ሥር ኬሻ፤ ከኬሻው ሥር ብርድ ልብስ፤
ከብርድ ልብሱ ሥር የመድኃኒት ካርቶን፣
ጊዜው በዘጠና ስምንት ያለፈበት፤
ከካርቶኑ ሥር በእጅ የተሠራ ሹራብ፣ አንድ እጅጌ ብቻ፤
ከእጅጌው ሥር የተጣጠፈ የውሎ አበል ቅጽ፣
«ዶሬ ባፋና፣ ደርሶ መልስ»፣
ፊርማውን ላብ የበላው።
አራት ሐኪም፣ አንዱ በሌላው ሕመም ላይ ሲደርብ የኖረ።

ዱካሞ ሳቀ፦ «ሁሉም ጨመረ እንጂ የቀነሰ የለም።
አልጋ ነው የፈለግኸው ወይስ መንገድ?»
ያን ሁሉ አውጥቶ፣ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ቆርጦ፣
አጥንቴ የሚያርፍበትን ሁለት ቦታ
ዶሮ እንደምትተኛበት ጎድጎድ አደረገው፤
ከፊት ያለውን ቁልቁለት ሞላው፣
ጥቁር ሌዘር ወጥሮ በወስፌ ዘጋው።

ያኔ ነው ጆሮዬ የገዛ ድምፄን የሰማው፦
ሰባት ዓመት ሙሉ በጋሪ ተራ ቆሜ፣
ስንቱን ገጣባ አጥቤ፣ ስንቱን ጀርባ አክሜ፣
«ቁስል ላይ ጨርቅ አትከምር» ስል የከረምኩ ደክሜ፣
«ድልዳሉን ብሳለት፣ ያመመው ይተንፍስ፣
ጭነት አይደል ሚገጥበው፣ አንድ ቦታ ሲነክስ!»
ለካ እኔም ከብት ነኝ፣
ባለቤቴም እኔ።

አሁን እሄዳለሁ። ተአምር አልተሠራም፤
ከሌኩ ወዲያ ያው ያመኛል፤ ግን እንደ ሰው ያመኛል።

ትናንት ቱላ ላይ ቡራሞን አገኘሁት፣
ጋሪው ሲሚንቶ ጭኖ፣ ፈረሷ ጎኗን ስታይ።
ከዱካሞ የለቀምኩት ቁርጥራጭ በሳጥኔ ነበር፣
የልጄ ፍራሽ ጫፍም አብሮ።
ድልዳሏን ፈታን፣ በቁስሏ ልክ ቀደድን፣ ዙሪያውን ሞላን።
ጭነቱ ሲመለስባት
ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች፣ ቆየች፣
ዝንብ እንዳረፈባት ቆዳዋን አንዴ አርገበገበች፤
ከዚያ፣ ማንም ሳይመታት፣
ሄደች።